የዓምዱ ሕግ ከዓምዱ ጋር ይኑር

የሕሙማንን ምርመራ የሚመዘግብ ፕሮግራም እንጻፍ እንበል። ጥቅምት 30 ቀን 1999 ዓ.ም. የተደረገውን ምርመራ፣ የወሩን ስም በ2 ተክተን፣ ፖስትግሬስ በተባለው ዳታቤዝ የቀን ዓምድ ውስጥ ብናስገባ አይቀበለንም። ለእርሱ 2ኛው ወር ፌብሩዋሪ ነውና 30 ቀን የለውም፤ 13ኛዋን ወር ጳጉሜንንማ ጨርሶ አያውቃትም። ሆኖም የሚያስፈራው ይህ እምቢታ ሳይሆን ዝምታው ነው። ከ350 የሚበልጡት ሌሎች የዓመቱ ቀናት ያለ አንዳች ተቃውሞ ይገባሉ። ከጥቅምት 25 እስከ ኅዳር 5 ቀን 1999 ዓ.ም. 10 ቀን ነው፤ ዳታቤዙ ግን 8 ብሎ ያሰላል። የሁለት ቀን ስሕተት በመድኃኒት ቀጠሮ ላይ ምን ሊያስከትል እንደሚችል አንባቢ ይገምተው።

ብዙዎች ከዚህ ለማምለጥ ዓምዱን ተራ የጽሑፍ ዓምድ ያደርጉታል። ይህ ከድጡ ወደ ማጡ ነው። በጽሑፍ ቅደም ተከተል «10/1/2000» ከ«2/13/1999» ይቀድማልና፣ መስከረም ከጳጉሜን በፊት ይመጣል!

በእኛ እምነት የተሻለው መንገድ ዓምዱን በፓይተን ቋንቋ እንደ ኦብጀክት መወከል ነው፤ ይኸውም መረጃውንና በመረጃው ላይ የሚፈጸመውን ተግባር በአንድነት የያዘ አካል ማድረግ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ይፋ የሆነው ጃንጎም ሆነ በ2006 የወጣው ኤስኪውኤልአልኬሚ ይህን ይፈቅዳሉ። ዓምዱ ቀኑን ሲያስገባ ወደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ይለውጣል፤ ሲያወጣ ወደ እኛው ይመልሳል። ሕጉ አንድ ቦታ ብቻ ይጻፋል እንጂ በመመዝገቢያው፣ በፍለጋውና በሪፖርቱ አይደጋገምም።

ሌላም ጥቅም አለ። በኤስኪውኤልአልኬሚ የዕድሜን ዓምድ «ከ18 ያንሳል» ብለን ብናነጻጽር፣ ፓይተን እውነት ወይም ሐሰት ብሎ አይመልስልንም፤ ጥያቄውን ራሱን ኦብጀክት አድርጎ ይሰጠናል። ይህም ኋላ ወደ ዳታቤዙ ቋንቋ ወደ ኤስኪውኤል ሲተረጎም፣ 18 ከትእዛዙ ተለይቶ ለብቻው ይላካል። በዚህም ምክንያት አንድ ተንኮለኛ በስም መሙያው ቦታ ላይ የማጥፊያ ትእዛዝ ቢጽፍ እንኳ እንደ ስም ይቆጠራል እንጂ አይፈጸምም።

ኦብጀክት ኤስኪውኤልን ስለሚሸፍን ተማሪውን ያሰንፋል የሚሉ መምህራን አሉ። ስጋታቸው መሠረት አለው። 1,000 ሕሙማንን አምጥቶ የእያንዳንዱን ሐኪም ስም በየተራ የሚጠይቅ ፕሮግራም፣ በአንድ ጥያቄ ሊያልቅ የሚችለውን ሥራ 1,001 ጊዜ ይመላለስበታል፤ የፓይተኑ ጽሑፍ ግን ንጹሕና አጭር ሆኖ ይታያል። ስለሆነም ኤስኪውኤልን ያልተማረ ሰው በዚህ መሣሪያ ባይጀምር እንመርጣለን።

ከዚህም ሌላ፣ በፓይተን ብቻ የተጻፈ ሕግ በሌላ ቋንቋ ተጽፎ ወደዚያው ዳታቤዝ የሚገባውን ፕሮግራም አያግድም። ባዶ መሆን የማይገባው ዓምድ በዳታቤዙም ውስጥ ባዶ እንዳይሆን ሊደነገግ ይገባል።