ከአሮጌ ፒክአፕ ሥር የታየች አገር

ስለ ምርጫ ወይም ስለ ሕገ መንግሥቱ አንድ አንቀጽ እጽፋለሁ ብላችሁ የጠበቃችሁኝ ካላችሁ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ዛሬ የምጽፈው ስለ አንድ አሮጌ መኪና ነው። ካለፈው ዓመት መስከረም ጀምሮ ቅዳሜዬን የማሳልፈው በመጻሕፍት መካከል ሳይሆን፣ በወላጆቼ ግቢ ባለች በቆርቆሮ የተከደነች የመኪና ቤት ውስጥ፣ ካርቶን አንጥፌ፣ ከአባቴ ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ሥር በጀርባዬ ተንጋልዬ ነው። ባለቤቴ ሥራውን «የዶክተሩ ሁለተኛ ዲሰርቴሽን» ብላዋለች። እንደ መጀመሪያው ሁሉ ይኸኛውም መቼ እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም።

አባቴ፣ ነፍሱን ይማረውና፣ የግንባታ ሥራ ተቆጣጣሪ ነበር። ፒክአፗን የገዛት በ1985 ዓ.ም. ሲሆን ያን ጊዜም አዲስ አልነበረችም፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የተሠራች፣ ባለ 1600 ሲሲ ቤንዚን ሞተር፣ ባለ ካርቡሬተር፣ ከኋላ በባሌስትራ የምትሸከም፣ ነጠላ ጋቢና። በሥራ ቀን ሲሚንቶና ብረት፣ በበዓል ዋዜማ በግ፣ ትምህርት ቤት ሲከፈት ደግሞ እኛን ልጆቹን ከነደብተራችን ጭናለች። አባቴ በ2009 ዓ.ም. ሲያርፍ እርሷም ከቆመችበት አልተንቀሳቀሰችም። እኛም ልጆቹ በየፋሲካው እየተሰበሰብን «ይህቺን መኪና አንድ ነገር እናድርጋት» እያልን ስምንት ዓመት አሳለፍን።

ሥራውን ስጀምር ሞተሩ ተጣብቆ አልዞር ብሎ ነበር። በሰፈራችን ጋራዥ ከ40 ዓመት በላይ የሠሩና አሁን በጡረታ ያሉ አንድ አረጋዊ መካኒክ ለመንኩ። ጋሼ ነው የምላቸው። ከበሩ ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ ዝም ብለው አይዋት፤ ከዚያ «አልሞተችም፤ ተኝታለች» አሉኝ። አራቱን ካንዴላዎች አስፈትተው በየቀዳዳው ናፍጣ አስጨመሩኝና «ሳምንት እንዳትነካት» ብለው ወጡ። በስምንተኛው ቀን በትልቅ ቁልፍ ከፊት በኩል ይዘን ስንጠመዝዘው ሩብ ዙር ያህል ሄደ። ዶክትሬቴን የተቀበልሁ ቀን እንደዚያ መደሰቴን እጠራጠራለሁ።

ከዚያ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። ቴስታታው ሲወርድ ጠሞ ስለተገኘ ቶርኖ ቤት ሄዶ ፊቱ ተስተካከለ። የጋቢናው ወለል በዝገት ከመበሳቱ የተነሣ ከመቀመጫው ሆኖ መሬቱን ማየት ይቻል ነበር፤ የበሰበሰው ተቆርጦ አዲስ ላሜራ ተበየደ። ካርቡሬተሩን ሦስት ጊዜ ፈትቼ ሁለት ጊዜ በትክክል ገጥሜያለሁ። ለዕቃ ፍለጋ ሶማሌ ተራን እንደ ቤተ መጻሕፍት ተመላለስሁበት። በነገራችን ላይ፣ በዚያ ገበያ ያሉ ወጣቶች አንድን ኩሽኔታ በእጃቸው አገላብጠው ከየትኛው መኪና እንደ ወጣ ሲናገሩ የሰማ ሰው፣ «ያልተማረ» የምንለውን ቃል ደግሞ ለመጠቀም ያፍራል። ዋጋው ግን ሌላ ነገር ነው። ብር በሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ የአንድ ጓርኒሲዮን ዋጋ ሲነገረኝ የደመወዜን ስንተኛ እጅ እንደሚወስድ ማስላት ልማድ ሆኖብኛል።

ቋንቋውስ? ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ባሌስትራ፣ ፍሬቻ፣ ስፖኪዮ፣ ካቻቢቴ። ሁሉም ጣሊያንኛ ናቸው፤ በየዓመቱ የምንለጥፈው ቦሎና በኪሳችን የምንይዘው ሊብሬም እንዲሁ። ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ተባርሮ ቃላቱ ከመፍቻዎቹ ጋር ቀሩ። ቋንቋ ይፍረስ ወይም ይጠበቅ ብሎ የተሰበሰበ ጉባኤ አልነበረም፤ የሚሠራውን ቃል ያዙ፣ አማርኛ አስለመዱት፣ ከአባት ወደ ልጅ አስተላለፉት። እኛ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ያለን ሰዎች አንድ የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ ለመሰየም ዓውደ ጥናት እንጠራለን።

አሁን ወደ ፖለቲካው ልምጣ። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ረጅም ዘመን ባገለገሉ የቤት አውቶሞቢሎች ላይ እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ታክስ ጣለ። በጥር 2016 ዓ.ም. ደግሞ የኤሌክትሪክ ያልሆነ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ አስታወቁ። ሐሳቡ ስሕተት ነው አልልም። ነዳጅ በውጭ ምንዛሪ እንገዛለን፤ ኤሌክትሪኩ ከራሳችን ወንዝ ይመነጫል፤ የሕዳሴው ግድብም በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የአባቴ ፒክአፕም ቅድስት አይደለችም፤ ቤንዚን ትጠጣለች፣ ሲበርዳት ታጨሳለች። የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሁለቱም ውሳኔዎች መኪናን የሚያዩት በድንበር ሲገባ ብቻ ነው። ከጉምሩክ ከወጣ በኋላ ለ20 እና ለ30 ዓመት ማን እንደሚያቆመው፣ በምን ዕውቀትና በምን መሣሪያ እንደሚጠግነው የጠየቀ ያለ አይመስልም። የምንገዛውን እናቅዳለን፤ የምንጠግነውን ግን ለዕድል እንተወዋለን።

ይህን ስል ጣቴን ወደ ሌላ ብቻ እየቀሰርሁ እንዳይመስላችሁ። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማስተምርበት ተቋም የበጀት ኮሚቴ አባል ነበርሁ። አንድ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ለቆሙ መሣሪያዎች መጠገኛ መጠነኛ ገንዘብ እንዲያዝለት ጠየቀ። ዝርዝሩ በእጅ የተጻፈ ነበር፤ ቀበቶ፣ ፊውዝ፣ ሁለት ኩሽኔታ፣ እነዚህን የመሳሰሉ። እኛ ደግሞ አዳዲስ ኮምፒውተሮች ለመግዛት ገንዘብ ጎድሎን ነበር። የቴክኒሻኑ ጥያቄ እንዲሰረዝ ድምፅ ሲሰጥ እጄን አውጥቻለሁ። ኮምፒውተሮቹ ተገዙ፤ ፎቶግራፍም ተነሣንባቸው። ዛሬ ከእነርሱ ብዙዎቹ ከቀድሞዎቹ መሣሪያዎች ጋር በአንድ መጋዘን ተቆልፈዋል። ያን ዕለት ኩሽኔታ ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር፤ ሳላውቅ ግን ድምፅ ሰጠሁ። ለመሆኑ በዚህች አገር በየስብሰባው ስንቶቻችን ነን የማናውቀውን ነገር የምንሰርዘው?

ከወር በፊት፣ ፍሬኑን ፈትተን ሳለ፣ ጋሼን ስለ ኤሌክትሪክ መኪናዎች ጠየቅኋቸው። እጃቸውን በጨርቅ እየጠረጉ ትንሽ አሰቡና፣

«ዶክተር፣ ይህቺን ጆሮዬን አስጠግቼ የቱ ጋ እንደሚያማት አውቃለሁ። ያኛው ድምፅ የለውም። ምኑን ልስማ?» አሉ።

«ጋሼ፣ እርስዎማ ድርሻዎን ተወጥተዋል» አልኋቸው፤ ማጽናናቴ ነበር።

«ስለ እኔ አይደለም የምነግርህ። የልጅ ልጄ 19 ዓመቱ ነው፤ እጁ ከእጄ ይበልጣል። ባትሪው ሲከፈት ሰው ይገድላል ይላሉ። ሳይገድለው የሚከፍትበትን የት ሄዶ ይማር? አንተ ታስተምር የለም እንዴ?»

የማስተምረው የሕዝብ ፖሊሲ መሆኑን ልነግራቸው አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት።

ጥያቄያቸው ግን ቀላል አይደለም። የከፍተኛ ቮልቴጅ ባትሪ በግምትና በድፍረት አይነካም፤ ሥልጠና፣ መከላከያ ጓንት፣ የስሕተት መመርመሪያ መሣሪያ፣ የአምራቹን የቴክኒክ ሰነድ ይጠይቃል። ለአባቴ ፒክአፕ አንድ ካቻቢቴና የሰለጠነ ጆሮ ይበቃት ነበር። በየመንደሩ ያሉት ጋራዦች ይህን አዲስ ዕውቀት ካላገኙ፣ መኪናው በተበላሸ ቁጥር ባለቤቱ ሁለት ምርጫ ብቻ ይኖረዋል፦ ጥቂት ትልልቅ ድርጅቶች የሚጠሩትን ዋጋ መክፈል ወይም ማቆም። ያ ሲሆን ነዳጁን በባትሪ ተክተን ዶላሩን እንደገና ለባትሪ እናወጣለን። ስለዚህ ለአስመጪው የታክስ ማበረታቻ የሚሰጠው መንግሥት፣ ሻጩ የጥገና ሰነዱንና መሣሪያውን ለገለልተኛ መካኒኮች እንዲያቀርብ፣ የሙያ ኮሌጆችም ነባር መካኒኮችን በማታና በቅዳሜ ተቀብለው እንዲያሠለጥኑ አብሮ ማስገደድ አለበት። የጋሼ የልጅ ልጅ የመግቢያ ፈተና ሳይሆን የሥራ ጋውንና ወንበር ነው የሚያስፈልገው።

ባለፈው ቅዳሜ ሞተሩ ተነሣ። እናቴ ከኩሽና ወጥታ በር ላይ ቆመች፤ ምንም አልተናገረችም፤ ድምፁን አውቃዋለች። ፍሬኑ ግን ገና ነው፤ የኋላው ግራ ጎማ ዘይት ያንጠባጥባል፤ ለጊዜው ከግቢ አትወጣም።

የዘንድሮው የበጀት ቅጽም ከሰሞኑ ደርሶኛል። ያ ቴክኒሻን አሁንም እዚያው ይሠራል። ሰኞ ጠዋት የቀድሞውን ዝርዝር ይዞ እንዲመጣ ነግሬዋለሁ። «የቱን ዝርዝር?» ብሎ ነበር የጠየቀኝ፤ ከዚያ ወዲያ ሦስት ጊዜ ጽፎ አስገብቷልና።