ክዳኑን ከመምረጥ በፊት አክስሉን ማየት

በጆሃንስበርግ ጄፒ ጎዳና ሸቀጥ እየተረከበ በየመንደሩ ለሚያከፋፍል ኢትዮጵያዊ ነጋዴ ፒክአፕ መኪናው የእንጀራ ገመዱ ናት። መንገድ ላይ ከቆመች የጫነችው ሸቀጥም አብሯት ይቆማል። ስለዚህ ከመሃል ከተማው በስተምዕራብ ወደሚገኘው ፎርድስበርግ ጎራ ብሎ መለዋወጫ ሲሸምት፣ ወፍራምና ባለ ክንፍ የዲፍሬንሻል ክዳን ዓይኑን ቢማርከው አያስገርምም። ሻጩም መኪናዋን እንደሚያጠነክርና ሙቀት እንደሚቀንስ ይነግረዋል።

ይሁን እንጂ በደቡብ አፍሪካም ሆነ በኢትዮጵያ በብዛት የሚታዩት ሃይሉክስና ባለ 70 ላንድክሩዘር ከኋላ አክስላቸው የሚፈታ ክዳን የላቸውም። ኮሮናውና ፒኞኑ የሚወጡት በፊት በኩል ነው፤ በስተኋላ ክብ ሆኖ የሚታየው ከአክስሉ ጋር የተበየደ ቆርቆሮ ነው። ለእነዚህ መኪኖች የሚበጀው ከድንጋይ የሚከላከል ተጨማሪ ብረት ነው እንጂ ክዳን አይደለም። በቡሎን የሚፈታ ክዳን ያላቸው እንደ ጂፕ ራንግለር ያሉት ናቸው።

ለእነዚህም ቢሆን ምርጫው በውፍረት ብቻ አይወሰንም። ኮሮናው ሲሽከረከር ዘይቱን እያነሳ ወደ ኋላ ይወረውራል፤ የክዳኑ ክብ ገጽም ዘይቱን አቅፎ በኮሮናው ዙሪያ ያዞረውና ወደ ፒኞኑ ኩሽኔታ እንዲደርስ ያግዘዋል። ውስጡ ጠፍጣፋ የሆነ ክዳን ግን ይህን ፍሰት ይሰብራል፣ ዘይቱም አረፋ ይሞላዋል። አሜሪካዊው የሞተር ባለሙያ ጌል ባንክስ ይህንኑ በሙከራ ቀርጾ አሳይቷል። በእርግጥ ባንክስ ራሱ ክዳን ሻጭ ነው፤ የሙከራው ሐሳብ ግን ከዘይት ጠባይ ጋር የሚጋጭ አይደለም። የፋብሪካው ተራ ክዳን ክብ የሆነው በከንቱ አይደለም።

አሉሚኒየም ከብረት የተሻለ ሙቀት ያስተላልፋል፤ ሹል ድንጋይ ሲመታው ግን ሊሰነጠቅ ይችላል። ብረት በአብዛኛው ይጎደጉዳል እንጂ ቶሎ አይሰነጠቅም። ድንጋያማ መንገድ ለሚበዛበት ሰው ስለዚህ ብረቱ ይመረጣል። የዘይት መሙያው ቀዳዳ ከፋብሪካው ከፍ ብሎ የተሠራ ክዳንም ጥንቃቄ ይሻል፤ የዘይቱ መጠን ከተወሰነለት በላይ ሲወጣ አረፋው ይበረታል፣ በፓራሊዮም በኩል ወደ ፍሬኑ ሊፈስ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ገንዘቡ ሊውልበት የሚገባ አንድ ርካሽ ነገር አለ፤ የአክስሉ መተንፈሻ ቱቦ። በጉዞ የጋለ አክስል ወንዝ ውስጥ ሲገባ በድንገት ይቀዘቅዛል፣ በውስጡ ያለው አየርም ይኮማተርና ውኃ ወደ ውስጥ ይስባል። ዘይቱ ሲፈታ እንደ ወተት ነጥቶ ከተገኘ ውኃ ገብቶበታል ማለት ነው። መተንፈሻውን በቀጭን ጎማ አስረዝሞ ከሞተሩ ክፍል ከፍ ባለ ቦታ ማሰር የአንድ ከሰዓት ሥራ ነው።