ከመጽሐፍ ውስጥ ሰው ሲሰረቅ

ገንዘብ ይሰረቃል። በሬም ይሰረቃል። ከመጽሐፍ ውስጥ ሰው ሲሰረቅ ግን ሰምታችኋል? የዛሬው ንባባችን ስለ እንዲህ ያለ ሌባ ነው።

ታሪኩን የጻፈው ጃስፐር ፎርድ የሚባል የእንግሊዝ ደራሲ ነው። መጽሐፉ የታተመው በአውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ነው። ርእሱ በአማርኛ «የኤር ጉዳይ» እንደ ማለት ነው። ልብ ወለድ ነው። ወንጀል አለበት፤ ሳቅም አለበት።

ደራሲው ታሪክን ገልብጦታል። እውነተኛው የክሪሚያ ጦርነት በ1853 ተጀምሮ በ1856 አበቃ። በልብ ወለዱ ውስጥ ግን እንግሊዝና ሩሲያ እስከ 1985 ድረስ ይዋጋሉ። «እንዲህ ቢሆን ኖሮስ?» ብሎ የተጻፈ ነው። በዚያች እንግሊዝ ሕዝቡ በመጽሐፍ ፍቅር ያበደ ነው። ሳንቲም ሲጎርስ የሼክስፒርን ንግግር የሚያነበንብ ማሽን አለ። መጽሐፍን ከሌባ የሚጠብቅ ፖሊስም አለ።

ከፖሊሶቹ አንዷ ተርስዴይ ኔክስት ናት። ስሟ ቢተረጎም «ሐሙስ ቀጣይ» ይሆናል። አጎቷ ማይክሮፍት ሰውን ወደ መጽሐፍ ውስጥ የሚያስገባ መሣሪያ ሠራ።

ሌባው አኬሮን ሄድስ ይባላል። መጀመሪያ ቻርልስ ዲክንስ በእጁ የጻፈውን «ማርቲን ቸዝልዊት» የተባለውን መጽሐፍ ሰረቀ። ከዚያ መሣሪያውን ነጠቀ። የአጎትየውንም ሚስት አንድ ግጥም ውስጥ ቆለፈባት። ቀጥሎ ከዲክንስ መጽሐፍ ሚስተር ኳቨርሊ የሚባል ሰው አስወጥቶ ገደለ። ከዋናው ጽሑፍ የጠፋ ሰው ከቅጂዎቹ ሁሉ ይጠፋል። ዛሬ የዲክንስን መጽሐፍ ብትገልጡ ኳቨርሊን አታገኙትም። ለምን? ተገድሏላ! ቀልዱ እዚህ ላይ ነው። ኳቨርሊ በእውነተኛው መጽሐፍ ውስጥ ድሮም አልነበረም።

በመጨረሻ ሄድስ ጄን ኤርን ሰረቀ። ጄን ማን ናት? ሻርሎት ብሮንቴ በ1847 ያሳተመችው ልብ ወለድ ባለታሪክ ናት። እናትና አባቷ የሞቱባት፣ አድጋ አስተማሪ የሆነች ድሃ ልጅ ናት። ድሃ ብትሆንም ለማንም አንገቷን አትደፋም። ታሪኩን «እኔ» እያለች የምትናገረው ራሷ ናት። ስለዚህ እሷ ስትጠፋ ታሪኩ ተቋረጠ። ያነቡ የነበሩ ሰዎች ቀጣዩን ገጽ ቢገልጡ ባዶ ወረቀት! አገር ተሸበረ። ተርስዴይም ሄድስን ተከትላ መጽሐፉ ውስጥ ገባች።

መጨረሻውን አልነግራችሁም። መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ከቤታችሁ እንግሊዝኛ የሚችል ተማሪ ካለ አንብቦ ይንገራችሁ።

«ውሸት መሆኑ ከታወቀ ማንበቡ ምን ይጠቅማል?» የሚሉ እናቶችና አባቶች በክፍላችን አሉ። ጥያቄው ተገቢ ነው። ደረሰኝና ውል ማንበብ ከመታለል ያድናል። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ፊደል የቆጠርነው ለዚህ ብቻ አይደለም። ጄንን የማያውቅ ሰው ብትሰረቅ አይደነግጥም። ዲክንስን ያላነበበ ሰው በኳቨርሊ አይስቅም። ሌላው ሲስቅ እሱ ዝም ብሎ ያያል። ማንበብ ለማይችል ሰው የመጽሐፍ ገጽ ሁሉ እንደዚያ ባዶ ወረቀት ነው። ጄን ለእሱ ድሮም ተሰርቃለች። እናንተ ግን ገጹን ገልጣችሁ ታገኟታላችሁ። መሣሪያም አያስፈልጋችሁም። ሳቁም ድርሻችሁ ነው።

ቃላት
ባለታሪክ፦ ታሪኩ የሚነገርለት ሰው
ቅጂ፦ ከዋናው የተገለበጠ ጽሑፍ
ተሸበረ፦ በጣም ደነገጠ፣ ታወከ

ጥያቄዎች
1. ጄን ስትሰረቅ ታሪኩ ለምን ተቋረጠ?
2. ኳቨርሊ በዲክንስ መጽሐፍ ውስጥ የማይገኘው ለምንድን ነው? ሁለት መልስ አለው።
3. በአገራችሁ ከሚነገሩ የጦጣ ተረቶች አንዱን አስቡ። ጦጣዋ ብትሰረቅ ተረቱ ምን ይሆናል? በደብተራችሁ ጽፋችሁ ለክፍሉ አንብቡ።