የቡና መዝገብ እውነተኛ እንዲሆን

ቡና ላገራችን የውጭ ንግድ ከዋነኞቹ ሀብቶች አንዱ መሆኑ በሁሉ ዘንድ የታወቀ ነው። ጅማና በዙሪያዋ ያሉት ጎማ፥ ማና፥ ሊሙ ኮሳና ጌራም ከጥንት ጀምሮ በዚሁ ተክል ስማቸው ተጠርቷል። ይሁን እንጂ ቡናው ከገበሬው ጓሮ ወጥቶ ባሕር እስኪሻገር ድረስ ከማን መሬት እንደ ተለቀመ የሚመሰክርለት ጽሕፈት ብዙ ጊዜ አብሮት አይሄድም። ገበሬው እሸቱን ወይም ጀንፈሉን ለሰብሳቢ ይሸጣል፤ ሰብሳቢው የሃያውን ሰው ቡና ይቀላቅላል፤ አቅራቢውም የብዙ ሰብሳቢዎችን ጆንያ ባንድ መኪና ይጭናል። ከዚያ በኋላ የጅማ ቡና ከመባል በቀር ሌላ ስም አይኖረውም።

ይህ ነገር የሚያመጣውን ጉዳት ከዚህ በፊት አይተነዋል። በ2000 ዓ.ም. ወደ ጃፓን በተላከ ቡና ላይ የተባይ ማጥፊያ መድኃኒት ርዝራዥ ከተፈቀደው ልክ በልጦ ተገኘ፤ መነሻውም ጆንያው ሳይሆን አይቀርም ተብሎ ተገመተ። ጥፋቱ የጥቂት ጭነት ሲሆን ጥርጣሬው ግን በኢትዮጵያ ቡና ሁሉ ላይ ወደቀ።

በ2001 ዓ.ም. ቡና በኢትዮጵያ ምርት ገበያ በኩል መሸጥ ሲጀምር ሚዛኑና ደረጃው መልክ ያዘ፤ ይህን በጎ ሥራ አንክድም። ነገር ግን ቡናው በአካባቢና በደረጃ ተመድቦ ይከማች ስለ ነበር የገበሬው ስም በመጋዘኑ ደጃፍ ይቀር ነበር። በ2009 ዓ.ም. የወጣው የቡና ግብይትና ጥራት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1051 አቅራቢው ከላኪው ጋራ በቀጥታ እንዲገበያይ በር ስለ ከፈተ፥ ቡናው ከምንጩ ሳይለይ የሚሄድበት መንገድ ተገኘ።

አሁን ደግሞ የአውሮፓ ኅብረት በ2015 ዓ.ም. ባጸናው ሕግ፥ ወደ ገበያው የሚገባው ቡና ከታኅሣሥ 22 ቀን 2013 ዓ.ም. በኋላ ከተመነጠረ ደን ያልተገኘ እንዲሆንና የየማሳው ስፍራ በኬክሮስና በኬንትሮስ ልክ ተጽፎ እንዲቀርብ ይጠይቃል። ማሳው ከ4 ሄክታር የበለጠ እንደ ሆነ ዙሪያው ሁሉ ይለካል፤ ያነሰ እንደ ሆነ አንዲት ነጥብ ትበቃለች። የጅማ ገበሬ ማሳ አብዛኛው ከዚህ ያነሰ ነውና ኑሮው በዚያች በአንዲት ነጥብ ላይ ተንጠልጥሏል ማለት ነው።

ቁጥሩም ከነጥቡ በኋላ ስድስት አሐዝ እንዲኖረው ታዟል። ከእነዚህ ሦስተኛይቱ ባንድ ብትዛነፍ ማሳው 110 ሜትር ያህል ይርቃል፤ በጌራ ደን ዳር ለሚኖር ገበሬ ይህ ማለት ከጓሮው ወጥቶ ደን ውስጥ መቆም ነው። ጸሓፊው ቸኩሎ ኬክሮሱን በኬንትሮሱ ስፍራ ቢጽፍ ደግሞ የጅማው ቡና በአልጄሪያ፥ በአናባ ከተማ አጠገብ የበቀለ ሆኖ ይነበባል። የሚስቅ ይሳቅ፤ ገዢው ግን አይስቅም። ቡናችን በጥላ ዛፍ ሥር ስለሚበቅልም ከሰማይ የተነሣ ሥዕል ዛፉን እንጂ ከሥሩ ያለውን ቡና ለይቶ ለማሳየት ይቸገራል፤ ስለዚህ የታመነው ምስክር በቦታው ቆሞ የለካ ሰው ነው።

ካህናት ይህን ነገር ከማንም ይልቅ ያውቁታል። ቁም ጸሓፊ አንድ መሥመር ዘሎ ቢጽፍ ከዚያ መጽሐፍ የሚገለበጡት ሁሉ ስሕተቱን ይዘው ይኖራሉ፤ የሚያርመውም ወደ ዋናው ብራና የሚመለስ ሰው ብቻ ነው። የቡናው ዋና ብራና ማሳው ነው።

የስሙም ነገር እንደዚሁ ነው። በጅማ አገር ሰው በአባ ስም መጠራቱ የተለመደ ስለ ሆነ ባንድ ቀበሌ ብዙ አባ ቢያ ሊገኝ ይችላል፤ ያንዱም ሰው ስም በቁቤ፥ ባማርኛ ፊደልና በላኪው መዝገብ በሦስት ዓይነት ተጽፎ ሦስት ሰው ይመስላል። ስሙ ከይዞታ ደብተሩ ቁጥር ጋራ ቢጻፍ ይህ ሁሉ ይቀራል።

እኛ ይልቁን የምንፈራው የበላዩ መሥሪያ ቤት የተመዘገበውን ብዛት ብቻ ሲጠይቅ፥ የበታቹ ሠራተኛ ባንድ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የመንደሩን ሁሉ ነጥብ ካንድ ስፍራ እንዳያነሣ ነው። ያልተመዘገበ ገበሬ ነገ ሊመዘገብ ይችላል፤ ማሳው በሐሰት የተጻፈበት ግን ሳይሰማ ተፈርዶበታል። ስለዚህ የወረዳ ሹማምንት ከመዝገቡ ጥቂቱን ራሳቸው ወጥተው እያስለኩ ይመርምሩ፤ የለካውም ስሙን ይጻፍበት። ገበሬው ግልባጩን በሚያነበው ቋንቋ ይቀበል፤ የማያነብ እንደ ሆነ ይነበብለት። በኪቶ ፉርዲሳ ያለው የጅማ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎቹን ለዚህ ሥራ ቢያሰማራ መለኪያውን የሚያውቅ እጅ ከሩቅ አይፈለግም። ወጪውም ከእሸቱ ዋጋ ላይ እንዳይቀነስ መንግሥት ሊጠብቅ ይገባዋል።

ሕጉ የሚጸናበት ቀን ሁለት ጊዜ ተላልፎ ለታላላቆቹ ነጋዴዎች ታኅሣሥ 21 ቀን 2019 ዓ.ም. ሆኗል። በጅማ የእሸት ለቀማ በመስከረምና በጥቅምት ስለሚጀምር፥ የማሳው ልኬት መንገዱ በክረምት ጭቃ ሳይዘጋ ሊፈጸም ያስፈልጋል።