ቲያትር ለአሰላ፣ በጥር

ለአሰላ ቲያትር የሚያመጣላት ከተገኘ፣ አደራ በጥር ይሁን። ሰኔ ዝናቡ ይገባል፣ ገበሬው ከእርሻው አይላቀቅም። ኅዳርና ታኅሣሥ ደግሞ የአጨዳ ጊዜ ነው፤ ስንዴውና ገብሱ ሲደርስ ኮምባይነሩ ከማሳ ማሳ ይዞራል፣ የከተማው ነጋዴና ደላላም ልቡ እዚያው ነው። ጥር ላይ ግን እህሉ ገብቷል፣ መንገዱ ደርቋል፣ ኪስም ትንሽ ይሞቃል። ሠርግ ይበዛል ትሉኝ ይሆናል። ይበዛል፤ የሚበዛውም ሰው ለመሰብሰብ ፋታ ስላገኘ ነው።

ነገሩ የሚያሳስበኝ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ቲያትር የሚታየው ከዚህ ሁሉ በተቃራኒ ስለሆነ ነው። ተመራቂው ዓመቱን ሙሉ ይለፋል፣ ሥራው ትምህርቱ ሊዘጋ ሲል መድረክ ላይ ይወጣል፣ መምህራን ነጥብ ይሰጣሉ፣ ጓደኞቹ ያጨበጭባሉ፣ ከዚያ አለቀ። በውጭው ዓለም ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች የቲያትር ክፍላቸው በዓመቱ ምን ምን እንደሚያሳይ ገና ትምህርት ሲጀመር ያስታውቃሉ፤ አንድ የታወቀ ተውኔት፣ አንድ አዲስ ድርሰት፣ አንድ ሙዚቃዊ ቲያትር፣ ቀኑና አዳራሹ ሳይቀር። እኛ ዘንድ ቲያትር ቤቶቹ የለመዱት ሌላ ነው። የተወደደ ተውኔት በሳምንት አንድ ቀን፣ ያችኑ ቀን፣ ለወራት አንዳንዴም ከዓመት በላይ ይታያል። ለቲያትር ቤት ደግ ልማድ ነው፤ ተዋናዩ ገጸ ባሕርዩን ያሸዋል። ተማሪ ግን ዓመት የሚጠብቅበት ጊዜ የለውም። ለእሱ የሚበጀው አስቀድሞ የታወጀ፣ አጭርና ከግቢ የሚወጣ ትርኢት ነው።

አቅሙ አለ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቲያትር ትምህርት ክፍል በ1970ዎቹ መግቢያ ከተከፈተ ወዲህ ብዙ ጸሐፌ ተውኔትና አዘጋጅ አፍርቷል። ዛሬ የቲያትር ትምህርት ቤቱ የሚጠራው በዮፍታሔ ንጉሤ ስም ነው፤ ከያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤትና ከአለ የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ጋር በአንድ ኮሌጅ ውስጥ ነው ያለው። ተዋናዩ፣ ሙዚቀኛውና ሠዓሊው አንድ ዲን አላቸው ማለት ነው። ታዲያ ሙዚቃዊ ቲያትር ከባድ ነው፣ ወጪው አይቻልም የሚለው ሰበብ ከማን አፍ ይወጣል? ዮፍታሔ ራሱ ቅኔ ያወቀ፣ ተውኔት የጻፈ፣ መዝሙር የደረሰ ሰው ነበር። ግጥምና ዜማን ከተውኔት የመለየት ልማድ ከእሱ አልመጣም።

ሀገር ፍቅር በ1927፣ የዛሬው ብሔራዊ ቲያትር በ1948 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ ቲያትር ቤት ሲባል ሰው የሚያስበው አዲስ አበባን ነው። ቡድኖቹ ክፍለ ሀገር ይወጡ የነበረበት ጊዜ ግን ነበር። በደርግ ዘመን ደግሞ በየአካባቢው ኪነት ቡድን ነበረ፤ መፈክሩ ሲበዛበት አሰልቺ ሆነ እንጂ ስንት ዘፋኝና ተዋናይ ወጣበት። ያ እንዲመለስ አልመኝም። ወጣቶች አውቶቡስ ተሳፍረው፣ የመድረክ ዕቃቸውን ጭነው፣ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል መጥተው ለማያውቃቸው ሰው ሲጫወቱ ማየት ነው ምኞቴ። የሚያውቅህ ሰው የሚያጨብጭበው ለአንተ ነው፤ የማያውቅህ ለሥራህ።

ምን ይዘው ይምጡ? አንደኛው ከታወቁት ይሁን፤ ጸጋዬ ገብረ መድኅን የተረጎመው «ሀምሌት» ቢሆን ደስ ይለኛል። ለአዲሱ ድርሰት ግን አርሲ ራሷ ነገር አላት። አርሲ ሲባል ሁሉም ሯጭ ያነሳል፦ ከአሰላ አካባቢ ኃይሌ፣ ከበቆጂ ደራርቱ፣ ቀነኒሳ፣ ጥሩነሽ። ስለ አሸናፊዎቹ ሞልቷል፤ ፊልም ሳይቀር ተሠርቷል። ማንም ያልጻፈለት ከእነሱ ጋር ጎህ ሲቀድ እየተነሳ የሮጠው፣ ያልተመረጠው፣ አሁን ባጃጅ የሚነዳው ልጅ ነው። መድረክ የሚፈልገው እሱን ነው። ሩጫ መድረክ ላይ እንዴት ይታያል የሚለውን ደግሞ አዘጋጁ ይጨነቅበት፤ ለዚያ አይደል የተማረው?

ሙዚቃዊው ከሲንቄ ቢነሳስ? የአርሲ ኦሮሞ እናት ልጇን ስትድር ሲንቄ የሚባለውን በትር ትሰጣታለች። ሚስት ከተበደለች በትሯን ይዛ ትወጣለች፤ የሰፈሩ ሴቶች የየራሳቸውን ይዘው ይከተሏታል፣ እየዘፈኑና እየጮኹ። በዳዩ ሳይካስ አይመለሱም። ግጭት አለበት፣ ኅብረ ዝማሬ አለበት፣ ፍርድ አለበት፤ ደራሲ ከዚህ በላይ ምን ይለምናል? አንድ ነገር ግን እፈራለሁ። ተውኔቱ ሲያልቅ የባህል ልብስ የለበሱ ልጆች ወጥተው ጨፍረው የሚገቡበት ዓይነት «ባህል»! ሲንቄ ጌጥ ከሚሆን ባይነሳ ይሻላል። ድርሰቱንም በኦሮምኛ የሚጽፈው ቋንቋውን የሚያውቅ ተማሪ ይሁን፤ የአሰላ ሰው ኦሮምኛም አማርኛም ይሰማል፣ በትርጉም የተንገዳገደ ንግግር ግን በሁለቱም ይታወቅበታል።

ስለ አዳራሽ ብዙ አልልም። የስብሰባ አዳራሽ ይበቃል። ሰዓቱ ግን ከቀኑ 8 ሰዓት ይሁን፤ አሰላ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ገደማ ከፍ ያለች ናት፣ የጥር ሌሊቷ ጋቢ ያስፈልገዋል፣ መብራትም በቀን ቢጠፋ በመስኮት ብርሃን መጨረስ ይቻላል። ማደሪያ አርሲ ዩኒቨርሲቲ አለ። ሐኪምና የግብርና ባለሙያ የሚያሠለጥን ተቋም ለጥቂት ሌሊት አርባ ተዋናይና ሙዚቀኛ ቢያሳድር አይጎዳም፤ የሕክምና ተማሪዎቹም ሰው ሲታመም ምን እንደሚናገር ከመድረክ የሚማሩት አይጠፋም። ስፖንሰር ከተፈለገ ከተማዋ ብቅል ፋብሪካ አላት። የቢራ ባነር ከተዋናዩ ራስ በላይ ካልተሰቀለ ተቃውሞ የለኝም።

መግቢያው ነጻ አይሁን። በነጻ የገባ ሰው በመሐል ይወጣል፣ በስልኩም ያወራል። ዋጋው የአንድ ማኪያቶ ያህል ይሁን፣ ለተማሪ በግማሽ። ተውኔቱም ሁለት ቀን ይታይ። ቅዳሜ ሲያልቅ ተመልካቹ ሳይበተን ይጠየቅ፦ የቱ ጋ ሰለቻችሁ፣ የቱ ጋ አላመናችሁም? ተማሪዎቹ ሌሊቱን ያርሙት። ነጥብ የሚሰጡት መምህራን እሑድ ይምጡ።