ከውሃ ኩለሩ በፊት የክፍል ጓደኛችን እንቅልፍ



ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ተከራይተን የምንኖር ተማሪዎች በደንብ የምናውቀው ድምፅ አለ። ከዒሻ በኋላ አንዱ ወንድማችን የመመረቂያ ፕሮጀክቱን ኮምፒውተሩ ላይ ያስጀምራል፤ ኦቨርክሎክ የተደረገው ፕሮሰሰር ይግላል፤ ፋኑ ይጮኻል። ክፍሉ አንድ፣ ፍራሹ አራት ነው። ለሱብሒ የሚነሳው ጓደኛው ትራሱን ጆሮው ላይ ጭኖ ሲገላበጥ ያመሻል። ግድግዳው ብሎኬት በመሆኑ ጎረቤትም አይተርፍም። ምን ይሻላል ሲባል መልሱ «የውሃ ኩለር ግዛ» ሆኗል። እኛ ግን አትቸኩሉ እንላለን።

ውሃው የሚሠራው ይህን ነው፦ ሙቀቱን ከፕሮሰሰሩ ተቀብሎ በቱቦ ወደ ራዲያተሩ ያደርሳል። ራዲያተሩን የሚያቀዘቅዘው ያው ፋን ነው። ስለዚህ ፋኑ አልቀረም፣ እንዲያውም ፓምፕ ተጨመረ። እውነተኛው ጥቅሙ ራዲያተሩ ሰፊ ስለሆነ ፋኖቹ በዝግታ ቢዞሩም መብቃታቸው ነው። ውሃው ቶሎ ስለማይሞቅም ፋኑን በየደቂቃው ከፍ ዝቅ እንዳይል ማስተካከል ይቻላል። የተኛ ሰው ደግሞ ወጥ ከሆነው ድምፅ ይልቅ ድንገት ከፍ በሚለው ነው የሚባንነው።

ይህ የሚሆነው ግን በባለ ሁለት ፋኑ 240 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በሚበልጠው ነው። ባለ አንድ ፋኑ 120 ሚሊሜትር ከደህና የአየር ኩለር አይሻልም። ይህን ገዝተን ነው የተማርነው። የሸጠልን ሰው «ውሃ ነው፣ ድምፅ የለውም» ብሎን ነበር፤ ፓምፑ ሌሊቱን ሙሉ ዝዝዝ ሲል አደረ።

ታዲያ ከምን እንጀምር? ከባዮስ። ፕሮሰሰር የሚበላው ኃይል ከፍጥነቱ ጋር እኩል፣ ከቮልቴጁ ጋር ግን በካሬ ያድጋል። ፍጥነቱን ሳንነካ ቮልቴጁን በ10 በመቶ ብንቀንስ ኃይሉ 19 በመቶ ገደማ ይወርዳል። ለመጨረሻዋ ትንሽ ፍጥነት የምንጨምረው ቮልቴጅ ነው እንግዲህ ክፍሉን የሚያስጮኸው። የኤኤምዲ ራይዘን ያላችሁ «ከርቭ ኦፕቲማይዘር» የሚለውን ሞክሩ፤ ቀስ በቀስ ቀንሱ፣ በየደረጃው ሥራ አስጭናችሁ እንደማይቋረጥ አረጋግጡ። የኢንቴል 13ኛና 14ኛ ትውልድ ባለከፍተኛ ፕሮሰሰሮች ያላችሁ ደግሞ ከኦቨርክሎክ በፊት ባዮሳችሁን አድሱ። በ2024 (እ.ኤ.አ.) እነዚህ ፕሮሰሰሮች ከልክ ባለፈ ቮልቴጅ እየተጎዱ መሆኑ ታውቆ ኩባንያው ማስተካከያ አውጥቷል፣ ዋስትናውንም በሁለት ዓመት አራዝሟል። የተጎዳን ፕሮሰሰር ምንም ኩለር አይመልሰውም።

አገራችንንም አንርሳ። ያለነው ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ነው፤ አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው ከአምስት አንድ እጅ ያህል ይሳሳል። ስስ አየር ሙቀት የሚወስደው በትንሹ ስለሆነ በዝቅተኛ አገር ተለክቶ የወጣ ቁጥር እዚህ እንዳለ አይሠራም። የሌሊቱ ብርድ ጥቂት ይክሰናል፣ አልሐምዱሊላህ። አቧራው ግን የሚክሰው የለም። የኮዬ መንገድ በበጋ ምን እንደሚመስል ለእናንተ አይነገርም፤ የራዲያተር ቀጫጭን ክንፎች በአቧራ ከተደፈኑ ፋኑ ያለ ጥቅም ይጮኻል። ኬዙን ከወለል ከፍ አድርጉት፣ በወር አንዴ በለስላሳ ብሩሽ ጥረጉት።

ቮልቴጁ ተስተካክሎም ሌሊቱን ሙሉ ከ200 ዋት በላይ የሚፈጅ ሥራ ላለው ወንድም ወይም እህት ብቻ የውሃ ኩለር ተገቢ ነው እንላለን። ለሌሎቻችን እንደ ተርማልራይት ፒርለስ አሳሲን 120 ያለ ባለ ሁለት ማማ የአየር ኩለር ይበቃል፤ ውጭ አገር 40 ዶላር አካባቢ ነው፣ ቢበላሽ የሚበላሽበት ፋኑ ነው፣ ፋን ደግሞ መገናኛም ይገኛል። ውሃ የግድ ከሆነ መብራትና ስክሪን የሌለውን 240 ምረጡ። ከሐምሌ 2016 የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ እያንዳንዱ ዶላር ስንት ብር እንደሚያስወጣ እያወቅን ለቀለም መብራት መክፈል ኢስራፍ ካልሆነ ምን ይሆናል? የአርክቲክ ሊኩዊድ ፍሪዘር 3 ጥሩ ነው፤ ግን ራዲያተሩ 38 ሚሊሜትር ይወፍራል፣ ከተለመደው 27 በላይ ስለሆነ ኬዛችሁን ሳትለኩ እንዳታዙ። የስድስት ዓመት ዋስትናው በዘመድ ሻንጣ ለመጣ ዕቃ ብዙም አያጽናናም፤ ለማስጠገን ማን መልሶ ይወስደዋል?

ያገለገለ የውሃ ኩለር በፍጹም አትግዙ። ፈሳሹ ከዓመታት በኋላ በቱቦው እየተነነ ይጎድላል፣ አየር ይገባል፣ ፓምፑም ይጮኻል። አዲሱን ስትገጥሙ የራዲያተሩ ላይኛ ጫፍ ከፓምፑ ከፍ ይበል፤ አየሩ እዚያ ይሰበሰባል። ፓምፑን በባዮስ አንድ ፍጥነት ላይ አቁሙት፣ ፋኑም ለመፍጠን ጥቂት ሰከንድ እንዲዘገይ አድርጉት።

«ክፍሉን እኔም እከፍላለሁ፣ ኮምፒውተሩም የራሴ ነው» የሚል ወንድም ገጥሞናል። የጎረቤትን ሐቅ ሲሰማ ያደገ ሰው የክፍል ጓደኛውን ከዚያ ያወጣዋል ብለን አናምንም። ከመግዛቱ በፊት ጓደኞቹን ይጠይቅ፤ ከባዱን ሥራ ሁሉም ግቢ በሚውልበት ቀን ያስኪደው። የእኛ ክፍል እንዲህ ተስማምቶ 120 ሚሊሜትሩን ሸጠ፣ የአየር ኩለር ገዛ፣ ቮልቴጁንም ቀነሰ። የተረፈ ቴርማል ፔስት ስላለን የሚቀይር ካለ ከጁሙዓ በኋላ ይጠይቀን።