የዘር ጊዜ በአገሩ ዝናብ ይወሰን

የምርት መብዛትና ማነስ በአልሚው ጉልበትና በመሬቱ ለምነት ብቻ የሚወሰን አይደለም። ዘሩ አፈር የሚነካበት ጊዜም ከሁለቱ አያንስም። ጊዜውን የሳተ ትጋት ትርፉ ድካም ነው።

በካምፓላ ከተማና በአካባቢዋ ጥቅል ጎመን የሚያለሙ ወገኖቻችን ይህን ሊያጤኑት ይገባል። በባዕድ አገር፣ በኪራይ መሬት ላይ ጥሪቱን ያፈሰሰ ሰው አንድ ወቅት ቢከስር ጉዳቱን የሚያካክስለት የለምና።

«የክረምት ጎመን» የሚለው መጠሪያ ራሱ ያሳስታል። ለአውሮፓ ገበሬ ክረምት ማለት ውርጭ ነው፤ በጸደይ የዘራውን ጎመን በብርዱ ወራት ይሰበስባል። ለኢትዮጵያ ገበሬ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም የሚዘልቀው ዝናብ ነው። ካምፓላ ግን ከምድር ወገብ በስተሰሜን በቅርብ ርቀት፣ ከባሕር ወለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ በመሆኗ ውርጭ አታውቅም። ዋናው ዝናቧም በዓመት ሁለት ጊዜ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦትና ከመስከረም እስከ ኅዳር ይጥላል። ሰኔና ሐምሌ በዚያ ዝናብ የሚቀንስባቸው ወራት ናቸው። የአገር ቤቱን ልማድ ይዞ በሰኔ ችግኝ የሚያዛውር አልሚ ተክሉን ለፀሐይ አሳልፎ ይሰጣል።

ትክክለኛው አሠራር ከዝናቡ መግቢያ ተነሥቶ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ችግኙ በመደብ ላይ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይቆያል፤ ከተዛወረ በኋላም እንደ ዝርያው ከሁለት ወር ተኩል እስከ ሦስት ወር ተኩል ይፈልጋል። ስለዚህ ለመጀመሪያው ዝናብ በጥር መጨረሻ የተዘራው በመጋቢት መጀመሪያ ተዛውሮ በግንቦት መጨረሻና በሰኔ ይደርሳል። ለሁለተኛው ዝናብ በሐምሌ መጨረሻ የተዘራው በመስከረም መጀመሪያ ተዛውሮ በኅዳር መጨረሻና በታኅሣሥ ይሰበሰባል። ይህም ወገኖቻችን ጎመንን አብዝተው ከሚፈልጉበት ከገና ጾም ጋር ይገጥማል። ዝናቡ ቢዘገይ ግን አፈሩ በሚገባ ሳይርስ ችግኝ ማዛወር አይገባም።

የመሰብሰቢያውም ጊዜ እንዲሁ ጥንቃቄ ይሻል። ጥቅሉ በእጅ ሲጫኑት ከጠነከረ ደርሷል። ከዚያ በኋላ በማሳ ላይ የቆየ ጎመን ድንገተኛ ዝናብ ሲያገኘው ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀም ገዢ አያገኝም። በአንድ መደብ ላይ ጎመንን በጎመን መተካት በሽታንና ትልን ስለሚያከማች፣ ተከታዩ ተራ ለባቄላ ወይም ለሽንኩርት ቢሰጥ ይመረጣል።

ሌላው ጉዳይ ገበያ ነው። ከካባሌና ከኤልጎን ተራራ ደጋዎች የሚጫነው ጎመን በናካሴሮና በካሌርዌ ገበያዎች ከከተማው ምርት ጋር ይገናኛል። ሁሉም በአንድ ሳምንት ሲቆርጥ ዋጋው ይወድቃል። ስለሆነም ውኃ ያለው አልሚ ዘሩን በአንድ ቀን ከመጨረስ ይልቅ በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ ከፋፍሎ መዝራት ይኖርበታል። ውኃው ግን ንጹሕ ይሁን። ከከተማይቱ ኮረብቶች ግርጌ ባሉት ረግረጎች የሚወርደው ፍሳሽ ለበላተኛው ጤና አይበጅም። የካምፓላ ከተማ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2006 የከተማ እርሻን በፈቃድ የሚያስተዳድር ደንብ ያወጣ ስለሆነ ይህንንም አውቆ መሥራት ግዴታ ነው።

እንግዲህ በካምፓላም ሆነ በአገር ቤት የሚገኝ አልሚ ሁሉ ዘር ከመግዛቱ አስቀድሞ የአካባቢውን ዝናብ መግቢያና መውጫ በየዓመቱ ይመዝግብ፤ የነባሩንም ገበሬ ምክር ይጠይቅ። ይህን ያደረገ እንደሆነ ጥሪቱ ከብክነት ይድናል፤ የድካሙንም ዋጋ ያገኛል።